ፋሲካን ውጭ እንብላ ብል እናቴ ተቆጣች

ጥያቄ፦ ባለቤቴና እኔ እጮኛሞች ሳለን ጀምሮ የምንወዳት አንዲት ምግብ ቤት አለች፣ ቦሌ አካባቢ። አስተናጋጆቹ ሳይቀሩ ያውቁናል። በዓል በመጣ ቁጥር ባለቤቴ ዋዜማውን ሙሉ ማድ ቤት ነው የምታሳልፈው። በነጋታው እንግዳው ሲበላና ሲጫወት እሷ ቁጭ ባለችበት ታንጎላጃለች። ስለዚህ ዘንድሮ ዶሮው ይቅርና የፋሲካ ዕለት ማታ ለሁለታችን ብቻ እዚያች ቤት እራት ልጋብዛት አሰብኩ። እናቴ ስትሰማ «ዶሮ ያልሸተተበት ቤት ደግሞ ምኑን በዓል ሆነ?» ብላ ተቆጣች። የገረመኝ ግን የባለቤቴ ነገር ነው። ደስ ይላታል ስል ዝም አለች። ምን አጠፋሁ?
ግራ የገባው ባል፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምንም አላጠፋህም። ሐሳብህ ሸጋ ነው። ያልሆነው ቀኑ ነው።

ከባለቤትህ ዝምታ እንጀምር። እሺ ብትልህ ወሬው የት እንደሚያርፍ አስበኸዋል? «ልጄ ሚስቱን ሊያሳርፍ ፈለገ» የሚል የለም። «በፋሲካ ዶሮ እንኳ የማትሠራ» ነው የሚባለው፣ ያውም በዘመድ ፊት፣ ያውም ለዓመታት። አንተ ጋባዥ ሆነህ ትመሰገናለህ፣ ስሟ የሚነሳው የእሷ ነው። እንቢ እንዳትል ደግሞ ልብህን ታያለች። ዝም ከማለት ውጭ ምን ትበል? እናትህ ጋ ሄደህ ሐሳቡ የአንተ የራስህ መሆኑን መናገር የአንተ ድርሻ ነው። እሷን ይዘህ አትሂድ፣ ብቻህን ሂድ።

አሁን ወደ ቀኑ። የፋሲካ ዕለት ማታ እውነት ማን ይርበዋል? 55 ቀን ተጹሞ፣ ያከፈለ ሰው ካለ ደግሞ ከዓርብ ጀምሮ እህል ሳይቀምስ ቆይቶ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይገደፋል። ጠዋት ሌላ ዙር፣ ምሳ እናትህ ጋ፣ ከሰዓት ቡና፣ በመሃል «አንዴ ብቻ ጉረስልኝ» የምትል አክስት አትጠፋም። ማታ 1 ሰዓት ላይ ሁለታችሁም የምትፈልጉት አልጋ እንጂ ሜኑ አይደለም። ምግብ ቤቷም ብትሆን ያው ናት። ሼፉም አስተናጋጁም በዓል አላቸው፣ ቤተሰብ ጋ ሄደዋል። ትልልቅ ሆቴሎች የበዓል ቡፌ ያዘጋጃሉ እንጂ መካከለኛዎቹ ብዙዎቹ ይዘጋሉ። ክፍት ሆና ብታገኛት እንኳ የምትወዱትን ምግብ የሚሠራው እጅ እዚያ ላይኖር ይችላል፣ ከሜኑው ግማሹ ደግሞ «ዛሬ የለም» ይሆናል። ለዓመታት የወደዳችሁትን ቤት በዚያ ቀን አትፈትኑት።

እኔ ብሆን የዚያኑ ሳምንት ረቡዕ እይዝ ነበር። ለምን ረቡዕ? ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። በሌላ ጊዜ በእነዚህ ቀናት በያይነቱና ሽሮ የምታገኝበት ቤት አሁን ክትፎውንም ጥብሱንም ያቀርባል፣ ሰዉ ግን ገና ከበዓሉ ድካም ስላልወጣ ወንበር አይጠፋም። ቅዳሜና እሁድን ተዋቸው። በዐቢይ ጾም ሰርግ ስለማይደረግ የተጠራቀመው ሁሉ ዳግም ትንሣኤ ላይ ነው የሚፈነዳው። አዳራሹ በሰርገኛ፣ መንገዱ በክላክስ ይሞላል፣ እናንተም ራሳችሁ አንዱ ጋ ተጠርታችሁ ይሆናል። ሆዳችሁም ቢሆን እስከ ረቡዕ ተልባውን ጠጥቶ፣ ቅባቱን ተላምዶ ልኩን ያገኛል።

ዶሮው ግን መሠራቱ አይቀርም። እናትህም እዚህ ላይ እውነት አላቸው፣ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ጥያቄው ማን ይሠራዋል ነው። የኛ ወንድ ዶሮውን አርዶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጋቢውን ደርቦ ሶፋ ላይ ሲቀመጥ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። ሥራው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው! ላባው ይነጫል፣ በእሳት ይለበለባል፣ 12 ብልት ይወጣል፣ በሎሚና በጨው ውሃው እስኪጠራ ደጋግሞ ይታጠባል። ከዚያ ሽንኩርቱ አለ። ደቅቆ ይከተፋል፣ ዘይት ሳይነካው በራሱ ውሃ ይቁላላል፣ ሲይዝ ጠብ ጠብ እየተደረገለት ይማሰላል፣ በርበሬው ገብቶም እንደገና ሰዓታት አሉት። ሚስትህ ታንጎላጃለች ያልከኝ እዚህ ቆማ አድራ ነው። ቅዳሜ ሽንኩርቱን አንተ ክተፍ፣ ማጠቡንም ያዝ። አለቀስክ አላለቀስክ ያንተ ጉዳይ ነው። በዚያ ላይ ረቡዕን ጨምርበት፣ ዝምታዋ ሲሰበር ታያለህ።

አንድ ነገር ግን፦ ረቡዕ ማታ ዶሮ ወጥ እንዳታዙ። ቤታችሁ ፍሪጅ ውስጥ ገና አላለቀም። ላዛኛም ሆነ ዓሣ ጉላሽ፣ ቤት የማይሠራ ነገር እዘዙ። ልጆች ካሏችሁ ደግሞ ለአያታቸው ስጧቸው፣ የእናትህም ቁጣ በዚያው ይበርዳል።

ጥያቄ፦ ባለፈው በዓል እኔና ባለቤቴ አንድ ሆቴል ቡፌ በላን። ማስታወቂያው ላይ ባየነው ዋጋ ገንዘብ ይዘን ሄድን፣ ቢሉ ሲመጣ ግን ሌላ ቁጥር ሆነ። ተጭበርብረን ይሆን?
አንባቢያችሁ ነኝ

መልስ፦ እህቴ፣ ላይሆን ይችላል። ብዙ ሆቴሎች የሚለጥፉት ዋጋ ታክሱን አይጨምርም። ለምሳሌ ለአንድ ሰው 1,000 ብር ቢባል፣ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመር 1,100 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 1,265 ደረሰ። ለሁለት 2,530 ማለት ነው፣ ከጠበቃችሁት 530 ብር ይበልጣል። የበላችሁበትን ደረሰኝ ካላጣሽው በዚህ መንገድ አስልተሽ አስተያዪው። ካልገጠመ ያኔ መጠየቅ መብትሽ ነው።

ለወደፊቱ ቦታ ስትይዢ በስልክ «ቫትና ሰርቪስ ተካቷል? መጠጥስ አለበት?» በዪ። አንዳንዱ ቤት አንድ ብርጭቆ ጠጅ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ያቀርባል፣ ሁለተኛው ግን በሂሳብ ነው። ሰርቪስ ከከፈላችሁ ቲፕ ግዴታ አይደለም። እኔ ግን በዓሉን በእግሩ ቆሞ ላሳለፈ አስተናጋጅ እሰጣለሁ፣ ያውም በእጁ።