«በላ?» ብለን ስንደውል

ሰላም ውድ አንባቢዎች፣ በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሶስቱን መርጫለሁ፣ ሶስቱም ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ስላሉ ልጆች ናቸው። በህፃናት ክፍል ነርስ ሆኜ ስሰራም የራሴን ሁለት ልጆች ሳሳድግም ወላጅን እንደዚህ እድሜ የሚያደክመው አላየሁም።

ጥያቄ፦ ሲስተር እንዴት ነሽ፣ ልጄ ወንድ ነው 1 ዓመት ከ7 ወሩ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ እኔም ባሌም ሰራተኛ ነን ሞግዚት አለችን። ያለ ስልክ አይበላም በቃ። ዩቲዩብ ካልተከፈተለት አፉን አይከፍትም፣ ሲከፈትለት ደግሞ አይኑን ሳይነቅል ዝም ብሎ ይውጣል ምን እንደበላ እንኳን የሚያውቅ አይመስለኝም። ስልኩ ቻርጅ ሲጨርስ ሞግዚቷ እጁን ትይዝልኛለች እኔ ደግሞ እግዜር ይቅር ይበለኝ እግተዋለሁ፣ ከዛ ያስመልሰዋል። አማቴ በመጡ ቁጥር «ምነው ከሳ?» ይሉኛል። ምን ላድርግ?
የማሙሽ እናት

መልስ፦ እህቴ አይዞሽ፣ ግን መጋቱን ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። እያለቀሰ ሲጋት ትንታ ሊያንቀው ይችላል፣ በዛ ላይ ማንኪያ ሲያይ መፍራት ይለምዳል። ክሊኒክ ስሰራ ባዶ ማንኪያ ገና ከሩቅ ሲያዩ ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው ፊታቸውን እናታቸው ደረት ውስጥ የሚቀብሩ ልጆች ይመጡ ነበር፣ ሆዳቸው ምንም አልነበረም፣ የተጋቱ ልጆች ናቸው።

አማትሽ ከሳ የሚሉት ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ሲወለድ የነበረውን ኪሎ ሶስት እጥፍ ያደርሰዋል፣ 3 ኪሎ የተወለደ ልጅ ዓመቱ ላይ 9 ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው ሁለት፣ ሁለት ተኩል ኪሎ ቢሆን ነው። እድገቱ ሲረጋ የምግብ ፍላጎቱም ይቀንሳል፣ መሮጥ ስለጀመረ ደግሞ ቁመቱ ይመዘዛል ጉንጩ ይጎድላል። ለማንኛውም ጤና ጣቢያ ወስደሽ አስመዝኚው፣ የክንዱንም ዙሪያ ይለኩልሽ፣ 12.5 ሳንቲ ሜትርና ከዛ በላይ ከሆነ ሜትሩ አረንጓዴ ላይ ነው የሚያርፈው። ከዛ ካነሰ ምግቡን ከነሱ ጋር ተነጋገሪበት፣ ከ11.5 በታች ከሆነ ቀይ ነውና በዛኑ ቀን ህክምና መጀመር አለበት። 15 ወሩ ላይ የሚሰጠውን ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት መውሰዱንም እግረ መንገድሽን ካርዱ ላይ እዪ።

ሁለተኛ፣ ከጠዋት እስከ ምሳ አፉ ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ ሞግዚቷን ሳትቆጪ ጠይቂያት። ብዙ ቤት ሲጠየቅ የሚወጣው ጡጦ ሙሉ ወተት፣ ብስኩት፣ ጁስ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ነው፣ ያን ሁሉ ይዞ ምሳ እንዴት ይበላል? ወተት በቀን ግማሽ ሊትር ከበቂ በላይ ነው፣ ከዛ ሲያልፍ ምግቡን ይገፋና ደም ማነስ ያመጣል። ሻይም ከምግብ ጋር ከሆነ የምግቡን አይረን ሰውነቱ እንዳይወስደው ስለሚያግድ ለዚህ እድሜ ባይሰጠው ነው የምመርጠው።

ስልኩን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለ1 ዓመት ልጅ ስክሪን አይመከርም፣ 2 ዓመት ሲሞላው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳያልፍ ይላል። ግን ሶስቱንም ገበታ ባንድ ቀን አትንጠቂው፣ ከእራት ጀምሪ፣ ምክንያቱም ማታ ቤት ያለሽው አንቺ ነሽ። ስልክ የሚባል ሁሉ መኝታ ቤት ይግባ፣ ያንቺም የባልሽም። ትሪው ሲቀርብ እሱም አጠገባችሁ ይቀመጥ፣ እንጀራውን ቆራርሰሽ በርበሬ በሌለው ሽሮ ወይ በአልጫ አድርገሽ የራሱ ሳህን ላይ አቅርቢለትና በእጁ ይዝቀው። ግማሹ መሬት ይወድቃል፣ ፀጉሩ ውስጥም ይገባል፣ ከስሩ ላስቲክ አንጥፊ። አንቺ ብዪ፣ ከባልሽ ጋር አውሩ፣ እሱን ትክ ብላችሁ አትዩት። 20፣ ቢበዛ 30 ደቂቃ ከሆነው በኋላ በላም አልበላም ሳህኑን አንሺ፣ ልመናም ቁጣም የለም፣ እስከሚቀጥለው ገበታ ውሃ ብቻ፣ የሚጠባ ከሆነ ጡቱን አትከልክዪው። የመጀመሪያዎቹን ሶስት አራት ቀን ስልክ ስልክ እያለ ያለቅሳል፣ ያን ጊዜ ነው ብዙ ሰው ተሸንፎ የሚመልስለት፣ ከመለስሽለት ደግሞ በሚቀጥለው ሁለት እጥፍ ያለቅሳል።

አንድ ነገር ሳልረሳ፣ ፆም ሲሆን ድስቱ እንዳይነካ ተብሎ ለልጅ እንቁላልና ወተት የሚቀርበት ቤት ብዙ ነው፣ ልጁ ሳይጠየቅ ሁለት ወር ሙሉ ፆመ ማለት እኮ ነው። የሱ ብቻ የሆነች ትንሽ ድስትና ማንኪያ ግዢለት፣ ችግሩ በዛ ያልቃል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። 7 ሰዓት ላይ ከቢሮ ስትደውዪ መጀመሪያ የምትጠይቂው ምንድነው? «በላ?» አይደል? እኔም እንደዛ ነበርኩ። ያቺ ልጅ ደግሞ ልብስ ታጥባለች፣ ታበስላለች፣ ልጁን ታዝላለች፣ ያላት ሁለት እጅ ብቻ ነው፣ እንደምትደውዪ ስለምታውቅ ከ6 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጭንቅ ውስጥ ናት፣ አልበላም ብትልሽ ድምፅሽ እንደሚቀየር ታውቃለች። ስለዚህ ስልክ ትከፍታለች፣ ካልሆነም ትግታለች፣ ከዛ «አዎ በላ» ትልሻለች። የምትፈልጊውን መልስ ነው የምትሰጥሽ። እኔ የኔን ቤት ያዳንኩት «ዛሬ ምን ተጫወታችሁ?» ብዬ መደወል ስጀምር ነው። ባይበላ እንደማትቆጫት በአፍሽ ንገሪያት፣ የምሳ ሰዓት ላይም ሌላ ስራ እንዳትሰራ፣ ልብሱ ይደር። በሁለተኛው ሳምንት ምሳውንም ያለ ስልክ ትሞክራለች።

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር፣ ሴት ልጃችን 1 ዓመት ከ10 ወሯ ነው። ባለፈው እሁድ ቡና ተፈልቶ ሰው ተሰብስቦ እያለ ጀበናውን ጎትታ እጇ ላይ ፈሰሰባት። ጎረቤታችን ሮጣ ኮልጌት ቀባቻት፣ ክሊኒክ ሄደን ያንን ሲያጥቡላት የጮኸችው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አሁን ተመስገን እየዳነች ነው። ግን ከባለቤቴ ጋር «ማን ነበር የሚያያት» በሚል ተኳርፈናል። ምን ማድረግ ነበረብን?
የሚጣ አባት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን ተረፈች። ሲቃጠል ወዲያው የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ስር ነው፣ ሰዓት አይታችሁ 20 ደቂቃ ሙሉ። ውሃ ጠፍቶ ከሆነ ከጄሪካን በጆግ እያንቆረቆራችሁ፣ በረዶ ግን አይሆንም። ልብሷንና አምባሯን ቶሎ አውልቁ፣ ቆዳዋ ላይ የተጣበቀ ጨርቅ ካለ ግን አትላጡት፣ ሌላው ሰውነቷ እንዳይበርዳት ሸፍኗት፣ ከዛ ቁስሉን በንፁህ ጨርቅ ላላ አድርጎ ሸፍኖ መሄድ ነው። ኮልጌት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ የቡና ዱቄት፣ እነዚህ ሁሉ ሙቀቱን እዛው ይይዙታል ቁስሉም እንዲመረቅዝ ያደርጋሉ። ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ ብልት ወይም መገጣጠሚያ ከሆነ፣ ወይም ከራሷ መዳፍ የሰፋ ከሆነ ቢያንስም ቢበዛም ሀኪም ይየው።

ማን ነበር የሚያያት የሚለውን ግን ተዉት። ሁላችሁም ነበራችሁ። አቦል ላይ ሁሉም ሰው «ኧረ ልጅቷን» ይላል፣ ቶና ላይ ጨዋታው ይሞቃል፣ በረካ ሲደርስ ሁሉም ሌላው ሰው ያያታል ብሎ ተማምኗል። ረከቦት እኮ ቁመቱ ለሷ ልክ የተሰራ ነው የሚመስለው፣ ስኒው ያብረቀርቃል፣ ጭሱ ይሸታል፣ ካልነካችው ነው የሚገርመው። ቡናውን አትተዉ፣ ቦታውን ቀይሩት። እሷ 3 እና 4 ዓመት እስኪሆናት ኪችን ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይፈላና ስኒው ብቻ ይምጣ፣ ስኒውም ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አይቀመጥ። ባለቤትህ እጣኑና ቄጤማው ካልቀረበ ቡና አይመስለኝም ካለች ደግሞ በሶፋ የተዘጋ ጥግ ፈልጉና ተራ ያዙ፣ በአቦል አንተ፣ በቶና እሷ፣ በረካ ላይ ከእንግዶቹ አንዱ ስሙ ተጠርቶ። ተረኛው ቡናውን ቁሞ ይጠጣ። ከሰሉም ካለቀ በኋላ አመዱ ውስጥ ፍም ስለሚቆይ ምድጃውን በረንዳ አውጥቶ መተው አይበቃም፣ ውሃ ይፈሰስበት።

እግረ መንገዴን፣ በረኪና በሃይላንድ ቀድታችሁ ከሲንክ ስር የምታስቀምጡ ካላችሁ አሁን ማንበቡን አቁማችሁ አንሱት። ልጅ ሃይላንድ የሚያውቀው ውሃ ሲጠጣበት ነው። ጠጥቶ ከተገኘ ለማስመለስ ጣት አትክተቱ፣ ሲወጣም ጉሮሮውን ደግሞ ያቃጥለዋል፣ እቃውን ይዛችሁ ቶሎ ሆስፒታል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሰላም ላንቺ ይሁን፣ የጎረቤት ልጅ ናት የምትፅፍልኝ። የልጅ ልጄን ነው የማሳድገው፣ እናቱ ሪያድ ናት፣ ስትሄድ 11 ወሩ ነበር አሁን 2 ዓመት ሞላው። ማታ ማታ በኢሞ ትደውላለች። ፊቷን ሲያይ ከጀርባዬ ይደበቃል፣ እማዬ በላት ስለው ያለቅሳል፣ እሷም እዛ ታለቅሳለች። እማዬ የሚለው እኔን ነው። ጎረቤት ሁሉ ይሄ ስልክ ልጁን ረበሸው ይቅርበት ይሉኛል። ልተወው?
አያት፣ ከደሴ

መልስ፦ እማማ እድሜ ይስጥልኝ፣ አይተዉት። ከላይ ስለ ስክሪን ያልኩት ካርቱን ነው፣ የእናት ፊት ሌላ ነገር ነው። የዚህ እድሜ ልጅ ሰው የሚለምደው በጠረኑ፣ በጭኑ፣ በእጁ ነው፣ እሷ ደግሞ መስታወት ውስጥ ናት። በዛ ላይ ሁላችሁም አፉን ስታዩት ይጨንቀዋል። እማዬ በላት የሚለውን ይተዉት፣ እርሶንም እማዬ ቢል አያርሙት፣ ለሷ «እማዬ አለሚቱ» እንደሚባለው ስሟ ተጨምሮ ይጠራላት፣ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይለየዋል።

ማታ ደክሞት ሳይሆን ከእንቅልፉ ተነስቶ ደስ ሲለው ትደውል፣ ስራዋ ከፈቀደላት በየቀኑ 5 ደቂቃ ይበቃል። ስልኩን ስኳር ጣሳው ላይ አስደግፈው እርሶ ምስርዎን ይልቀሙ፣ እሱ ይጫወት፣ እሷ ዝም ብላ ትየው። እሱ ጣሳ ሲመታ እሷም እዛ ማንኪያ ትምታ። 2 ዓመት ስለሞላው የትል መድሃኒቱን ከቫይታሚን ኤ ጋር በየ6 ወሩ ጤና ኬላ ማስወሰዱንም አይርሱ።

ከጀርባዎ መደበቁን ደግሞ ይጠቀሙበት። እሷ ከሪያድ «ኩኩሉ!» ትበል፣ እርሶ በሱ ፈንታ «አልነጋም!» ይበሉ። መጀመሪያ አይኑን ብቻ ነው ብቅ የሚያደርገው። ሳምንት ሙሉ አልነጋም ቢባልም እሷ እንባዋን ይዛ ኩኩሉ ትበል፣ አንድ ቀን ራሱ «ነጋ!» ይላታል።