«ትልቅ ካምፓኒ ፈጠራዬን ቢሰርቀኝስ?» ላልከው ወንድም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ለጋራዥ የሚሆን መሳሪያ ሠርተሃል፣ ለአንድ ትልቅ ካምፓኒ ልታሳይ ነው፣ ቪዲዮውንም ቲክቶክ ላይ ለጥፈሃል። «ፓተንት ካወጣሁ አይነኩኝም አይደል?» ነው ያልከው። እኔ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፣ የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ ባለበት ከተማ፣ ፓተንት የሚሠሩ ጠበቆች ጋ ለዓመታት ፓራሊጋል (የጠበቃ ረዳት) ነበርኩ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ያየሁትን ልንገርህ።

ከፈለጉ ይነኩሃል። ፓተንት ፈጠራህን ያላንተ ፈቃድ የሚሠራን የመክሰስ መብት ነው እንጂ ጠባቂ አይቆምልህም። ከሳሹም ከፋዩም አንተ ነህ። ክሱ እስከ ፍርድ ከሄደ ወጪው በሚሊዮን ዶላር ነው የሚቆጠረው። ከካሳው ላይ በፐርሰንት እየወሰዱ የሚሠሩ ጠበቆች አሉ፣ ግን ዳጎስ ያለ ካሳ ካልታያቸው ስልክህንም አይመልሱ።

የሮበርት ከርንስን ጉዳይ አንብብ። የዲትሮይት ኢንጂነር ነው። ዝናብ ሲያካፋ እያረፈ የሚጠርግ የመኪና መስታወት ዋይፐር ሠርቶ በ1963 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ለፎርድ አሳየ። «ሦስት ሚሊዮን ጊዜ ቢጠርግ ይችላል ወይ?» ሲባል፣ ምድር ቤቱ ውስጥ የዓሣ ገንዳ በዘይትና በሰጋቱራ ሞልቶ ሞተሩን ለወራት አስጠረገው። ቻለ። ኋላ ግን ፎርድ አሰናበተው፤ በ1969 የራሱን እያረፈ የሚጠርግ ዋይፐር ገበያ ላይ አወጣ። ከርንስ በ1978 ከሰሰ። ፎርድ 10.2 ሚሊዮን ዶላር የከፈለው በ1990 ነው! ክራይስለር ደግሞ ከነወለዱ 30 ሚሊዮን ገደማ ከፈለ። ጂኤምንና (ጄኔራል ሞተርስን) ሌሎች የመኪና ካምፓኒዎችንም ከሶ ነበር፤ ጠበቆቹን አሰናብቶ ራሱ ሲከራከር የፍርድ ቤት ቀነ ገደብ ስላለፈው መዝገቦቹ ተዘጉ። ትዳሩም በመሀል ፈረሰ። ሰውዬው የሚመኘው ዋይፐሩን በራሱ ፋብሪካ ማምረት ነበር። ያን እንኳ አላገኘም፤ ክርክሩ ሲያልቅ የፓተንቱ ዕድሜ አልፎ ነበር።

የፎርድን መከራከሪያ ልብ በል። «ዕቃዎቹ ሁሉ ከሱቅ የሚገዙ ናቸው፣ ምኑ ነው አዲስ?» አሉ። እርግጥ ነው፣ ሬዚስተር፣ ካፓሲተርና ትራንዚስተር የሚባሉ ተራ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ናቸው። ፍርድ ቤቱ ግን አገጣጠሙን እንደ ፈጠራ አየለት። ያንተንም «ማንም የሚያስበው ነው» ማለታቸው አይቀርም። ከ2012 ወዲህ ደግሞ ይህንኑ ይዘው እዚያው ፓተንት ቢሮው ሄደው «ይሰረዝልን» ማለት ይችላሉ። የሰጠህ ቢሮ ራሱ ሲነጥቅህ ማየት ያማል፣ ግን ሕጋዊ ነው። ስለዚህ የፓተንት ማመልከቻው ላይ መብትህን የሚወስኑትን ዓረፍተ ነገሮች ደህና ባለሙያ ይጻፍልህ። ጠቦ ከተጻፈ አንዲት ብሎን ቀይረው ያመልጣሉ።

ሌላው፣ ለካምፓኒው ስትጽፍ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ አንድ ፎርም ይልኩልሃል። አንድ ገጽ ናት፣ ቋንቋዋ ትህትና የተሞላ። ውስጧ ያለው ግን «የምትነግረንን በሚስጥር የመያዝ ግዴታ የለብንም፤ መብትህ ፓተንትህ ብቻ ነው» ነው። ብዙ ሰው ደስ ብሎት ሳያነብ ይፈርማል። እነሱም ወደው አይደለም፣ በየቀኑ ሐሳብ የሚልክላቸው ብዙ ነው። ግን ማመልከቻ ሳታስገባ እንዳትፈርም። ፕሮቪዥናል የሚባለው ጊዜያዊ ማመልከቻ ርካሽ ነው፣ ቀድመህ ያመለከትክበትን ቀን ያስይዝልሃል፣ ዋናውን ለማስገባት 12 ወር ይሰጥሃል። ገቢህ ዝቅ ያለ ከሆነ የቢሮው ክፍያ በጣም ይቀንሳል፤ በነጻ የሚረዱ ጠበቆች ፕሮግራምም አለ።

አገር ቤት ሆናችሁ ለምታነቡ፦ የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 123/1987 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ፓተንትን ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው እዚያው ሥራ ላይ ከዋለ 5 ዓመት ይጨመራል። ለአነስተኛ ፈጠራም የተለየ ምዝገባ አለ።

አሁን የሚያስቸኩለው ቲክቶኩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ ካሳየህበት ቀን ጀምሮ ለማመልከት አንድ ዓመት አለህ፣ ካለፈ አበቃ። አውሮፓ ግን ይህ እፎይታ የለም፣ እዚያ ዕድልህ ምናልባት ተቃጥሏል። ቪዲዮው ላይ የውስጥ አሠራሩ ይታያል ወይስ ከውጭ ብቻ ነው? የለጠፍክበትን ቀንና ይህንን እዚሁ ጻፍልኝ።