10ኛ ክፍል ለምትገባ ልጅ፦ ከአስጠኚው በፊት የሚሠሩ ሥራዎች

እህታችን፣ ጥያቄዎ ረዘም ያለ ስለነበር ለሌሎች አባላት ላሳጥረው። ልጅዎ በመስከረም 10ኛ ክፍል ትገባለች፣ ቤታችሁ ቀበና ነው፤ «ከአሁኑ አስጠኚ ልቅጠር ወይስ 12ኛ እስክትደርስ ልጠብቅ? የውጭ ስኮላርሺፕስ ይታሰባል ወይ?» ነው ያሉት። 12ኛን መጠበቁ አይበጅም። አስጠኚ መቅጠሩም ቢሆን የመጀመሪያው ሥራ አይደለም።

ከፈተናው ልነሳ። ማትሪክ የምንለው የ12ኛ ክፍል ፈተና ስድስት ትምህርት ነው፤ እያንዳንዱ ከ100፣ ድምሩ 600፣ ማለፊያው 300። ናቹራል የገባ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል፤ ሶሻል የገባ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ (የማገናዘብ ችሎታ መለኪያው) ግን ለሁለቱም አሉ፣ ሦስቱ ብቻቸውን 300 ይይዛሉ። ልጅዎ ዘርፍ የምትመርጠው 11ኛ ስትገባ ስለሆነ ዘንድሮ ምርጫዋ ባይለይላትም የፈተናውን ግማሽ ማዘጋጀት ትችላለች።

«ካርዷ ላይ 90 አላት» የሚለው ብዙ ቤት ያዘናጋል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። ካርዱ ላይ የቤት ሥራም፣ አሳይመንትም፣ የቡድን ሥራም ተደምሮበታል። ማትሪክ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ጥያቄው ደግሞ ከ12ኛ መጽሐፍ ብቻ አይወጣም፤ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ይዘትም ይገባበታል።

እንግሊዝኛውን እንደ አንድ ትምህርት ብቻ አይዩት። ፊዚክሱም ታሪኩም የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። ብዙ ልጅ ፊዚክስ ያቃተው ይመስለናል እንጂ ጥያቄው ራሱ አልገባውም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከባዮሎጂ መጽሐፏ አንድ ገጽ ታንብብ፣ መጽሐፉን ትዝጋና ያነበበችውን በእንግሊዝኛ በአምስት ዓረፍተ ነገር ትጻፍ። ካልቻለች በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይህንኑ ትሥራ። የሰዋስው መጽሐፍ ከመግዛት ይሻላል።

ሒሳብ ላይ ችግሩ የሚገኘው ወደ ኋላ ነው። 10ኛ ክፍል ላይ የተቸገረች ልጅ ብዙ ጊዜ የጎደላት ክፍልፋይ፣ ፐርሰንት፣ ኤክስፖነንት ወይም ተራ ኢኩዌሽን ነው። ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ፣ ከየምዕራፉ ማጠቃለያ መልመጃ፣ 20 ጥያቄ ይምረጡላትና ያለ ካልኩሌተር በ40 ደቂቃ ትሥራ። ከ12 በታች ካገኘች ክረምቱ ለ9ኛ ክፍል ሒሳብ ይዋል፤ 10ኛን ቀድሞ ማስጀመር ትርፉ ድካም ነው። የሳተችውን ሁሉ በአንድ ደብተር ትመዝግብ፣ ከጎኑም ምክንያቱን፦ አላውቀውም፣ አንብቤ ተሳሳትኩ፣ ሰዓት አለቀብኝ። ከወር በኋላ አስጠኚ ያስፈልጋት እንደሆነ ደብተሩ ይነግርዎታል። «አላውቀውም» ከበዛ ይቅጠሩ። «አንብቤ ተሳሳትኩ» ከበዛ መድኃኒቱ እንግሊዝኛው ነው። አስጠኚው የቤት ሥራዋን የሚሠራላት ከሆነ ግን ገንዘቡን ውኃ በላው።

አፕቲትዩድ 11ኛ ክፍል ይቆይ። የሒሳብ መሠረትና የንባብ አቅም ያላት ልጅ አሠራሩን ቶሎ ትለምደዋለች። ቤት ጸጥታ ከሌለ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለእናንተ ሩቅ አይደለም።

አሁን ሰው ወደሚረሳው ልምጣ፦ የስም አጻጻፍ። የልደት ምስክር ወረቀቷን፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤቷን፣ የትምህርት ቤት መዝገቧን፣ ፋይዳዋንና ካላት ፓስፖርቷን ጎን ለጎን ይዘርጉ። ፀጋዬ የሚለው ስም አንዱ ላይ በ«ቲ» እና «ኤስ»፣ ሌላው ላይ በ«ኤስ» ብቻ ተጽፎ ይገኛል፤ የአያት ስምም አንዱ ጋ አለ፣ ሌላው ጋ የለም። ለ12ኛ ክፍል ፈተና ሲመዘገቡ የገባው ስም ሰርተፊኬቱ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ማስተካከል ከቢሮ ቢሮ መንከራተት ነው። 10ኛ ላይ ሳለች ግን በትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ይስተካከላል።

የልደት ቀኑም እንዲሁ። ጥር 15 ቀን 2002 የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 23 ቀን 2010 ናት። ስህተቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቀኑንና ወሩን እንዳለ ትቶ ዓመቱን ብቻ መለወጥ ነው። ሌላው ለሁሉም 8 መደመር ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ የሚደመረው 7 ነው፣ ጳጉሜን 6 ባላት ዓመት ማግሥት ደግሞ አንድ ቀን ይዛነፋል።

ስለ ውጭው፣ በተለይ ስለ አሜሪካ፦ ይታሰባል፣ ግን የቀን አቆጣጠሩ እኛን አይጠብቅም። ኮመን አፕ የሚባለው የማመልከቻ ድረ ገጽ የሚከፈተው ኦገስት 1፣ በእኛ ሐምሌ 25 ገደማ ነው። ቀድመው ለሚያመለክቱት ጊዜው ብዙ ቦታ ኖቬምበር 1፣ ማለትም ጥቅምት 22 ገደማ ያልቃል፤ መደበኛው ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ። ይህ ሁሉ ማትሪክ ሳትፈተን ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚያዩት የ9ኛ፣ የ10ኛና የ11ኛ ውጤቷን ነው፤ የዘንድሮው ካርድ እዚያ ላይ ይገባል።

የውጭ ተማሪ የገንዘብ አቅምን ሳያዩ የሚቀበሉት ጥቂት ናቸው፦ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትማውዝ የመሳሰሉት። ሌሎቹ ጋ ምን ያህል መክፈል እንደምትችሉ ውሳኔው ውስጥ ይገባል፤ የደመወዝ ደብዳቤ ወይም የግብር ወረቀት በእንግሊዝኛ ይጠይቃሉ። ኤስኤቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መግቢያ ፈተና ከ1600 ሲሆን የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው፤ 98 ጥያቄ በ2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ። ሃርቫርድ፣ ኤምአይቲና ዳርትማውዝ መልሰው ግዴታ አድርገውታል። ክፍያው በዶላር ካርድ ስለሆነ ካርዱን ከወራት በፊት ያስቡበት፣ ፓስፖርትም ያስፈልጋታል። ለእንግሊዝኛ ችሎታ ማስረጃ ዱኦሊንጎ የሚባለውን የኢንተርኔት ፈተና የሚቀበሉ ብዙ ናቸው፤ ቤት ተቀምጣ ትፈተነዋለች። ፈተናው ላይ ሳለች ሰው ክፍሉ ከገባ ወይም ኔትወርክ ከተቋረጠ ውጤቱ ሊሰረዝ ይችላል፤ መብራት የማይጠፋበት ቦታ ይፈልጉ።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላት የ11ኛ ክፍል መምህራን ናቸው። እዚህ «ራስሽ ጽፈሽ አምጪ» ማለት የተለመደ ነው፤ አትጻፍ። ይልቅ በአንድ ገጽ ምን እንደሠራች፣ የትኛው ርዕስ ላይ እንደተቸገረችና እንዴት እንደወጣችው ዘርዝራ ትስጣቸው፣ መምህሩ በራሱ ኢሜይል ይላከው።

ለአገር ውስጥ ሁለት ነገር ብቻ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ ሐሳቧ እዚያ ከሆነ ማስታወቂያውን ከማትሪክ ውጤት በፊት ጀምራችሁ ተከታተሉ። የግል ኮሌጅ ከታሰበም ከሕንፃው በፊት የመውጫ ፈተና ውጤቱን ይጠይቁ፤ ከ2015 ጀምሮ እሱን ሳያልፉ ዲግሪ የለም። ስንት ተፈትነው ስንት አለፉ? ቁጥሩን በወረቀት ያሳዩ፤ ካላሳዩ ሌላ ኮሌጅ ይጠይቁ። ስኮላርሺፕ በእርግጠኝነት አስገኛለሁ ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ አጀንት ከመጣም ስልኩን ይዝጉበት።