ርኅራኄ ነው ወይስ ይሉኝታ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ አነስተኛ የእህልና የሸቀጥ ሱቅ አለኝ። በሐዘንም በደስታም የማንለያይ ሙስሊም ጎረቤቴ የ6,800 ብር ዱቤ አለባት፤ ወራት አልፈውታል። ሱቅ የሚያግዘኝ ልጅ ደግሞ ከመሳቢያ ብር ሲያነሣ ያዝኩት፤ አልቅሶ ይቅርታ ሲለኝ ዝም አልኩ። ስቆጣ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል፣ ዝም ስል ሱቁ እያለቀ ነው። «ሁለተኛውን ጉንጭህን አዙርለት» የሚለውን እንዴት ልኑረው? በዚህ ሁኔታስ መቁረብ እችላለሁ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ርኅራኄ ካልሽው ውስጥ ግማሹ ይሉኝታ ይመስለኛል። ሁለቱም ዝም ያሰኛሉ፣ ሁለቱም ያሰጣሉ፤ የሚለዩት ማታ ነው። በርኅራኄ የሰጠ ቤቱ ገብቶ ይረሳዋል። በይሉኝታ የሰጠ ቡና ላይ ያነሣዋል። ስለ ዕዳው ለጎረቤትሽ ለራሷ ከነገርሻት ይልቅ ለሌላ ሰው የነገርሽው ከበለጠ፣ ያለሽ ይሉኝታ ነው። እሱን ደግሞ ወንጌል አላዘዘሽም።

ጉንጭን ስለ ማዞር ያስተማረው ጌታ (ማቴ. 5፥39) ራሱ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ተመትቷል። ያን ጊዜ ያለውን ዮሐንስ ጽፎልናል፦ «ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» (18፥23)። አልመታም፣ አልተሳደበም፤ ምንም እንዳልተደረገ ሆኖም አላለፈውም። የተከለከለው በቀል ነው፤ መጠየቅ አልተከለከለም።

ቤተ መቅደሱን ሲያጸዳም ተመልከቺ። በጎቹንና በሬዎቹን በጅራፍ አስወጣ፣ የለዋጮችን ገንዘብ በተነ፣ ገበታቸውን ገለበጠ። ርግብ ሻጮቹ ዘንድ ሲደርስ ግን «ይህን ከዚህ ውሰዱ» አላቸው (ዮሐ. 2፥15-16)። የተበተነ ገንዘብ ይለቀማል፣ የተባረረ በሬ ተከትለው ይይዙታል፤ የበረረች ርግብ ግን አትመለስም። ርግብ ደግሞ በግ መግዛት ያልቻለ ድኻ የሚያቀርባት መሥዋዕት ናት (ዘሌ. 12፥8)። ማቴዎስ የርግብ ሻጮቹንም ወንበር እንደ ገለበጠ ይናገራል፤ ወንበር ይነሣል። በቁጣው መካከል እንኳ የማይመለሰውን ነገር ለይቶ ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ ጎረቤትሽ። መጀመሪያ ለብቻሽ ወስኚ፦ ከ6,800 ብሩ ምጽዋት የምታደርጊው አለ? ካለ ደብተሩ ላይ ሰርዢው፣ ሁለተኛም አታንሺው። አሥራትሽና ምጽዋትሽ ከትርፍሽ ይሁን፤ ከጅምላ ነጋዴ በዱቤ ባመጣሽው ዱቄት ምጽዋት መስጠት በሰው ገንዘብ መጽደቅ ነው። የቀረውን ለእርሷ ብቻ፣ ገበያተኛ በሌለበት ንገሪያት። በጾም ቀን ሳትበዪ ከደንበኛ ጋር ስትጨቃጨቂ በዋልሽበት ሰዓት አይሁን፤ ረኃብ ቁጣን ጽድቅ ያስመስለዋል። እርሷም በረመዳን ከሆነች አፍጥር ሲቃረብ አትሂጂባት።

ምንም ካልሰረዝሽ ንግግሩ እንዲህ አጭር ይሁን፦ «እትዬ፣ የቀረው 6,800 ብር ነው። በአንዴ አልጠይቅሽም፤ በየሳምንቱ ሰኞ 400 ብር ስጪኝ፣ በ17 ሳምንት ያልቃል። እስከዚያ አዲስ ዱቤ አልጽፍም። ልጆቹ የሚበሉት ካጡ ግን ንገሪኝ።» ከዚህ በኋላ ዝም በዪ። ብዙ ሰው የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ዝምታው ሲከብደው «ግድ የለም፣ ሲመችሽ» ብሎ የተናገረውን ሁሉ ያፈርሰዋል።

መያዣ ብትወስጂ ሕጉ ግልጽ ነው፦ ወደ ባለ ዕዳው ቤት አትገቢም፣ ውጭ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ (ዘዳ. 24፥10-11)። ወፍጮ አይያዝም (24፥6)፤ የዛሬው ወፍጮ የእንጀራ ምጣዷ ነው። የድኻ ልብስ ከተያዘም ፀሐይ ሳትገባ ይመለሳል (ዘጸ. 22፥26)። ጋቢ ለደሴ ሌሊት ምን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም።

ባይሆንስ? የበደለንን ስለ መውቀስ የማቴዎስ 18 ቅደም ተከተል ለብቻ፣ ቀጥሎ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን ነው። ሦስተኛው ለእርሷ አይሠራም። የወሎ ሰው ግን ለዚህ መላ አላጣም፤ ሁለታችሁም የምታከብሯቸውን ሽማግሌዎች፣ ከእነርሱም ከእናንተም ወገን፣ አስቀምጡ። «በመድኃኔ ዓለም ገዝቼሻለሁ» የሚል ነገር ግን ከአፍሽ እንዳይወጣ። ግዝት የካህን ሥልጣን እንጂ የዕዳ ማስከፈያ አይደለም።

የልጁ ነገር ይከብዳል። ካህኑ ዔሊ ልጆቹን ገሥጾ ነበር እኮ፤ «ልጆቼ ሆይ፥ ይህ አይሆንም» ብሏቸዋል (1ኛ ሳሙ. 2፥23-25)። የተወቀሰው ተናግሮ እዚያው ቦታቸው ላይ ስለተዋቸው ነው (3፥13)። አንቺም ይቅር ብለሽ መሳቢያውን እዚያው አስረክበሽዋል። ይቅርታ ዛሬውኑ ይሰጣል፤ አደራ ግን ቀስ እያለ ነው የሚመለሰው። ቢያንስ ለሦስት ወር ልጁ ዕቃ ይመዝን፣ ብር አንቺ ተቀበዪ። ሲዘጋ ሁለታችሁ አብራችሁ ቁጠሩና ሁለታችሁም ፈርሙ፤ ይህ እርሱንም ከሐሜት ይጠብቀዋል። የወሰደውን ከደመወዙ በስምምነት በትንሽ በትንሹ ይመልስ፤ ዘኬዎስ እንኳ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሎ ነበር (ሉቃ. 19፥8)። ሳትነግሪው ደመወዙን መያዝ ግን ሌላ ኃጢአት ነው (ዘዳ. 24፥15)። ንስሐ አባቱ ዘንድ እንዲሄድ ምከሪው፤ ምን እንደተናዘዘ ግን እንዳትጠይቂ።

ስለ ቁርባኑ፦ ሰው ላይ ገንዘብ መኖር አያግድም፣ ቂም ግን ያግዳል። ዲያቆኑ «ጸልዩ በእንተ ሰላም ፍጽምት ወፍቅር» (ስለ ፍጹም ሰላምና ስለ ፍቅር ጸልዩ) ሲል የሁለቱን ስም በልብሽ ጥሪ። ሰላማቸውን መለመን ካቃተሽ በዚያው ሳምንት ለንስሐ አባትሽ ይህንኑ ንገሪ፤ የብሩን መጠን መንገር አያስፈልግሽም።