ግብረገብ መቶ ከመቶ፣ ፈተና ላይ ኩረጃ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ነገር ላይ ያርፋሉ፤ ትምህርት ቤት ልጆቻችንን ሰው እያደረገልን ነው ወይስ ውጤት ብቻ እየሰጣቸው? አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሰባተኛ ክፍል ግብረገብ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ የሐቀኝነትን ትርጉም ከነምሳሌው አሳምረው ይጽፉልኛል፣ ብዙዎቹም ከዘጠና በላይ ያመጣሉ። በማግስቱ ሒሳብ ፈተና ላይ ግን እነዚያው ልጆች አጤሬራ ይዘው ይያዛሉ። እሴት ማስተማር የሚባለው ነገር ከንቱ ልፋት ነው እንዴ?

መልስ፦ ከንቱ አይደለም መምህር። ያዩት ነገር ግን እውነት ነው፤ ከእርስዎ በፊትም ታይቷል። ሂው ሃርትሾርን እና ማርክ ሜይ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተሙት ጥናት፣ ወደ 11,000 የሚጠጉ ልጆችን ለመኮረጅ፣ ለመዋሸትና ለመስረቅ የሚያመቹ አጋጣሚዎች ላይ እያስቀመጡ ምን እንደሚያደርጉ ተመልክተዋል። አንዱ ቦታ የማያታልል ልጅ ሌላው ቦታ ሲያታልል ተገኘ። ትክክሉን ማወቅና ትክክሉን ማድረግም ብዙ የሚገናኙ አልሆኑም። ልጁ የነበረበት ሁኔታ ግን ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ስለዚህ ከደብተሩ ቀና ይበሉና ሁኔታውን ይዩት። ያ የሒሳብ ፈተና ታርሞ ሲመለስ እንዴት ነው የሚመለሰው? በብዙ ክፍሎች መምህሩ ወረቀቶቹን ከትልቁ ውጤት ወደ ትንሹ ደርድሮ ይገባል። ስም ይጠራል፣ ውጤቱን ጮክ ብሎ ያነባል። ለመጀመሪያዎቹ ይጨበጨባል። መምህሩ እጅ ላይ ያለው ወረቀት እየሳሳ ሲሄድ፣ እስካሁን ስሙ ያልተጠራው ልጅ ምን እንደሚመጣ ያውቃል፤ ዴስኩ ላይ አቀርቅሮ እርሳሱን ያሽከረክራል። በመጨረሻ ይጠራል፣ ቁጥሩ ይነበባል፣ ክፍሉ ይስቃል፣ ሳቁን ግን ማንም አያስቆመውም። ያ ልጅ በዚያች አፍታ ስለ ሰው ክብር የተማረውን ትምህርት የትኛውም የግብረገብ ምዕራፍ በቀላሉ አያስረሳውም። የምትከበረው በቁጥርህ ልክ ነው ተብሏል። ሁለተኛ እንዲህ አልሆንም ብሎ በሚቀጥለው ፈተና አጤሬራ ቢያዘጋጅ፣ ጥፋት ነው፣ ግን ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው።

እኔ ትምህርት ውስጥ ሰብዓዊነት የምለው በዋናነት ይህንን ነው። ልጁ ሲሳሳት፣ ሲወድቅና ሲያጠፋ የምንይዝበት መንገድ ነው እሴቱን የሚያስተምረው። ከሒሳብ መምህሩ ጋር ይነጋገሩ። ወረቀቱ ታጥፎ ለየልጁ እጅ በእጅ ይሰጥ። ከቁጥሩ ይልቅ የት ላይ እንደሳተ የሚናገር አንድ መስመር ይጻፍበት። የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሩት በትለር እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመችው ጥናት እዚህ ላይ በጣም ይጠቅመናል፤ አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ተማሪዎች ፍላጎታቸውም ሥራቸውም ተሻሻለ፣ አስተያየቱ ላይ ማርክ ሲጨመርበት ግን ያ ጥቅም ጠፋ። ማርኩን እርግፍ አድርጎ መተው ለአንድ መምህር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢያንስ የዕለት ተዕለት ሥራ ላይ መቀነስ ግን ይቻላል።

የእርስዎም ክፍለ ጊዜ ቢሆን ትርጉም ከማስጻፍ ይውጣ። «የቅርብ ጓደኛህ አባቱ እንደሚቆጡት ነግሮህ መልሱን አሳየኝ ቢልህ ምን ታደርጋለህ?» ብለው ይጠይቁና ይከራከሩ። ዝም ብለው ያድምጡ። አሳየዋለሁ ያለውን ልጅ አይቆጡት፤ ከተቆጡት ከዚያ በኋላ የሚሰሙት እርስዎ መስማት የሚፈልጉትን ብቻ ነው። ሽምደዳ ደግሞ ሞልቶናል።

ጥያቄ፦ እኔ የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ይህ ሰብዓዊነት የሚሉት ነገር ልጅ ማሞላቀቅ ሆኖ ነው የሚታየኝ። እኛ በዱላ አድገን ሰው ሆነናል። ቅጣት ከሌለ ሥርዓት ከየት ይመጣል?

መልስ፦ ስጋትዎን አልንቀውም፤ ሥርዓት የሌለበት ክፍል ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ደካማው ልጅ ነው። ግን ሥርዓትና ዱላ አንድ አይደሉም። ያኑሽ ኮርቻክን ልጥቀስልዎ። ፖላንዳዊ ሐኪምና የልጆች አስተማሪ ነበር፤ ዋርሶ ውስጥ የወላጅ አልባ ልጆች ቤት ያስተዳድር ነበር። በዚያ ቤት የልጆች ፍርድ ቤት ነበር። ዳኞቹ ልጆች ናቸው። ልጅ ልጅን ይከሳል፣ ልጅ አስተማሪንም ይከሳል፣ ኮርቻክ ራሱም ተከሶ ቀርቧል። የሕጉ የመጀመሪያዎቹ 99 አንቀጾች ክስ የሚዘጉ ወይም ይቅርታ የሚያደርጉ ነበሩ። ጥፋተኛ ነህ የሚለው ከ100 ጀምሮ ነው የሚመጣው፣ እየከበደ ሄዶም መጨረሻው 1000 ላይ ከቤቱ መባረር ነው።

ይህ ማሞላቀቅ ነው? ልጁ ያደረገውን በእኩዮቹ ፊት ቆሞ ማስረዳት ነበረበት። ከዱላ ይከብዳል። ዱላ ይመታል፣ ያልፋል፣ ልጁም በሚቀጥለው ጊዜ እንዳይያዝ መጠንቀቅን ይማራል። እዚያ ግን የበደለውን ልጅ ፊት ማየት አለ። ኮርቻክ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1942 ናዚዎች ልጆቹን ወደ ትሬብሊንካ የሞት ካምፕ ሲወስዱ ራሱን እንዲያድን ቀደም ብሎ ዕድል ቢቀርብለትም እምቢ ብሎ አብሯቸው ሄዷል። ስለ እሴት ሲያስተምር ለምን ልጆቹ እንዳመኑት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እርስዎ ቤት ደግሞ በትንሹ ይጀምሩ። ልጅዎ ሲያጠፋ ከመቅጣትዎ በፊት ያደረገውን በራሱ አፍ ይንገርዎት፣ የሚጠግነውም ራሱ ይሁን። የሰበረውን ያስጠግን፣ የሰደበውን ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሂዩማኒዝም (ይህ ሰብዓዊነት የምትሉት) ማለት ሃይማኖትን መቃወም ነው ይባላል። እንዲህ ከሆነ ለምን ትምህርት ውስጥ ይገባል?

መልስ፦ ዛሬ ራሳቸውን ሂዩማኒስት ብለው ሃይማኖትን ወደ ጎን የሚያደርጉ አሉ፣ እውነት ነው። ትምህርት ውስጥ ያለው ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ጣሊያናዊው አስተማሪ ቪቶሪኖ ዳ ፌልትሬ እ.ኤ.አ. በ1423 ጣሊያን፣ ማንቱዋ ከተማ ውስጥ ትምህርት ቤት ሲከፍት የመሳፍንት ልጆችንና የድሆች ልጆችን አንድ ላይ አስቀምጦ አስተምሯል፤ ሃይማኖተኛ ሰው ነበር። ልጆችን በድብደባ ማስተማርን እ.ኤ.አ. በ1529 ባሳተመው ጽሑፍ አጥብቆ ያወገዘው የኔዘርላንዱ ሂዩማኒስት ምሁር ኢራስመስ የተቀባ ቄስ ነበር። ለልጆች በሥዕል የተደገፈ መማሪያ እ.ኤ.አ. በ1658 ያሳተመው የቼኩ አስተማሪ ኮሜኒየስ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ጳጳስ። ስለዚህ ወንድሜ፣ እምነትህን ይዘህ ሰው የምታከብር አስተማሪ መሆን ትችላለህ።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ። እሴት ጥሩ ነው፣ ግን ልጄ ነገ ሥራ የሚያገኘው በውጤቱ ነው። መጀመሪያ ሒሳቡንና ሳይንሱን ይወቅልኝ ብል አጠፋሁ?

መልስ፦ አላጠፋሽም እህቴ። ሒሳብ በደንብ ያልተማረ ልጅም ተበድሏል። ግን ሁለቱ በተለያየ ሰዓት የሚመጡ አድርገሽ አትያቸው። የሰብዓዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲጸድቅ በአንቀጽ 26 የትምህርትን ግብ ሲያስቀምጥ፣ የሰውን ስብዕና ሙሉ በሙሉ ማሳደግ ብሎ ነው የጀመረው። ሒሳቡም እዚያው ውስጥ አለ። ተሳስቶ መልስ የሰጠ ልጅ ሳይሳቅበት «እስቲ እንዴት እንዳሰብከው አሳየን» ከተባለ፣ በዚያው ቅጽበት ሒሳብም መከባበርም እየተማረ ነው።

ቤት ውስጥ አንድ ነገር ልለምንሽ። ልጅሽ «ከሃያ አሥራ ስምንት አመጣሁ» ሲልሽ «ሃያ ያመጣው ማነው?» አትበይው። ብዙዎቻችን ሳናስበው ነው የምንለው፤ ልጁ ግን ጓደኛውን እንደ ባላንጣ ማየት ይጀምራል። ወረቀቱን አምጣ በይውና አጠገብሽ አስቀምጪው፣ የሳታትን ጥያቄ እሱ ራሱ ያስረዳሽ። ባይገባሽም ግድ የለም፣ ጠይቂው።