መልስ፦ የዴድሃሙ ቤት እንዴት እስከ ዛሬ ቆመ?

ሰላም ወንድሜ፣ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዴድሃም ከተማ ያለው የፌርባንክስ ቤተሰብ የጥንት ቤት የእንጨት ሆኖ ሳለ እንዴት እስከ ዛሬ አልፈረሰም ብለህ ነበር። ሚስጥሩ አጥንቱ፣ ማለትም ቤቱን የተሸከመው ማዋቀሪያ ነው፤ ወፋፍራም የኦክ እንጨት። የአንዱ ጫፍ ተጠርቦ ሌላው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በእንጨት ችንካር ይያዛል። ለዚህ ነው ጣሪያው መሃሉ ላይ ጎበጥ ቢልም መጋጠሚያው ያልተላቀቀው። ዛፍ በየዓመቱ የሚጨምረው ቀለበት በእንጨቱ ላይ ተቆጥሮ ዛፎቹ እ.ኤ.አ. ከ1637 እስከ 1641 ባሉት ዓመታት መቆረጣቸው ታውቋል።

ጭስ ማውጫው መሃል ላይ የሆነው ግራና ቀኝ ያሉትን ክፍሎች አንድ ላይ እንዲያሞቅ ነው። የዚያን አገር ብርድ የቀመሰ ይገባዋል!

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን የፌርባንክስ ቤተሰብ ስምንት ትውልድ እዚያው መኖሩ ነው። ቤተሰቡ ሲበዛ አላፈረሱትም፤ ከኋላና ከጎን ቀጠሉበት። ከውጭ ስታየው ብዙ ቤት የተጣበቀ የሚመስልህ ለዚህ ነው።