ፅንሱን ሳይነኩ የሚደረግ የዘረመል ምርመራ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከባለቤቴ ጋር በተክሊል ተጋብተን የምንኖረው አሜሪካ ነው። ልጅ ስላልወለድን አይቪኤፍ የሚባለውን፣ እንቁላልና ዘር ከማኅፀን ውጭ የሚዳቀሉበትን ሕክምና ጀምረናል። ሐኪማችን ፅንሶቹ ወደ ማኅፀን ሳይገቡ የዘረመል ምርመራ ይደረግላቸው ይላል። በተለመደው አሠራር ከፅንሱ ሴሎች ይወሰዳሉ፤ በአዲሱ ግን ያደገበት ፈሳሽ ብቻ ይመረመራል። ፅንሱ ካልተነካ ኃጢአት የለበትም ማለት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ አስቀድሞ ልብሽ ይረፍ። ዘካርያስና ኤልሳቤጥ በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን ነበሩ፤ ልጅ ግን አልነበራቸውም (ሉቃ. 1፥6-7)። መካንነትን የኃጢአት ደመወዝ አድርገው የሚያወሩብሽን አትስሚ። ዘሩም እንቁላሉም የሁለታችሁ ብቻ መሆኑን ይዤ ልመልስልሽ።

ሐኪሙ የነገራችሁ እውነት ነው። በተለመደው ምርመራ እንቁላሉ ከተዳቀለ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን፣ ኋላ እንግዴ ልጅ ከሚሆነው የፅንሱ ውጫዊ ክፍል ጥቂት ሴሎች ይወሰዳሉ። በአዲሱ ግን ፅንሱ በፈሳሹ ውስጥ የጣለው ዲኤንኤ፣ ማለትም የዘር መረጃ የሚይዘው ንጥረ ነገር ይጠናል። አለመንካቱ መልካም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ውጤቱ ከመጣ በኋላ የሚሆነው ነው። «ጤነኛ አይደለም» የተባለው ፅንስ ወዴት ይሄዳል? የሚጣል ከሆነ መርፌ አለመንካቱ ምን ጠቀመው? ቅዱስ ባስልዮስ በሁለተኛው ቀኖናው ፅንስን ሆን ብላ የምታጠፋ ሴት በነፍስ ግድያ እንደምትጠየቅ ይደነግጋል፤ አካሉ ተሠርቷል ወይስ ገና ነው ብሎ መከራከርንም አይቀበልም። እግዚአብሔርም ኤርምያስን «በሆድ ሳልሠራህ አውቄሃለሁ» ብሎታል።

በዚያ ላይ ምርመራው ይሳሳታል። በፈሳሹ ውስጥ ከእንቁላልሽ ዙሪያ የቀሩ የአንቺ ሴሎች ዲኤንኤ ሊቀላቀል ስለሚችል፣ የፅንሱ ነው ተብሎ የተነበበው የእናቱ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የፅንሱ ሴሎች ራሳቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ክሮሞሶም (ዲኤንኤው የተጠቀለለበት አካል) ላይኖራቸው ይችላል። በእንዲህ ያለ ወረቀት ሕይወት ይፈረድበታል? ደግሞስ ውጤቱ ትክክል ቢሆን፣ ዳውን ሲንድረም የሚባለው የክሮሞሶም ችግር ያለበት ልጅ እንደ ማንኛውም ሕፃን በ40 እና በ80 ቀን ተጠምቆ የሚቆርብ አይደለምን?

ስለዚህ ምክሬ ከምርመራው በፊት ይጀምራል። ወደ ማኅፀንሽ ልታስገቢ ከምትፈቅጂው በላይ እንቁላል እንዳይዳቀል ሐኪሙን ጠይቂ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ዕድሉ ሊቀንስ፣ ወጪውም ሊጨምር እንደሚችል አውቃለሁ፣ ቀላል ነገር አልጠየቅሁሽም። ምርመራውን የትኛው ፅንስ ቀድሞ ይግባ ለማለት ብቻ ከተጠቀማችሁበትና የቀሩትም ተራቸውን የሚጠብቁ ከሆነ አልከለክልሽም። ለመምረጥና ለመጣል ከሆነ ግን አይሆንም። የሕፃኑን ፆታም አስቀድመው እንዳይነግሯችሁ አሳስቢ፤ «ወንድ ይሁንልን» የሚለው ፈተና ከዘመድ በስልክም ይመጣል።

ክሊኒኩ የሚተርፉት ፅንሶች ይጣሉ፣ ለምርምር ይሰጡ ወይስ ይቀመጡ የሚል የስምምነት ቅጽ ያቀርብላችኋል። ከመፈረማችሁ በፊት ቅጹን ይዛችሁ፣ ከባለቤትሽ ጋር ሁለታችሁም፣ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ።